ሁለት ራይት

ከቃሊቲ መናኸሪያ ወረድ ብሎ፣
መንገዱን ሲኖትራክ አቡክቶ ጥሎ፣
የአቃቂ ወንዝ ሽታ በመስኮት የሚገባበት
አንድ የመለዋወጫ ፋብሪካ አለ፤ እንጀራዬ ያለበት።

ሰኞ ጠዋት ሥራ አስኪያጁ ጠሩኝ፤
ወንበር ሳይጋብዙ ነገሩኝ።
«የጨረታ ዋጋችን በቴሌግራም ወጥቶ
ተፎካካሪ እጅ ገባ፤ ያልታሸገ ፖስታችን ሰው ፊት ተዘርግቶ።
የራሳችን መላላኪያ ሥሪ፣ ከአጥሩ የማያልፍ፤
ወረቀቱም ይቁም፣ የቶነር ብሩም ይትረፍ።»

ሠራሁ።
የድሮው ሻይ ክፍል፣ የስኳር ጆንያ ከነበረበት ጥግ
ሰርቨሩን አስቀመጥኩ፤ ማራገቢያ ሰጠሁት በወግ።
መብራት ሲሄድ የሚያቃስት ባትሪ ከእግሩ ሥር፣
ለጉንዳኑ ደግሞ በናፍጣ የተቀባ አጥር።
ክፍል ከፈትኩ፦ «ብየዳ»፣ «መጋዘን»፣ «አስተዳደር»፤
«ጠቅላላ» ያልኩት ሁሉም የሚገባበት በር።

ተሰልፈው መጡ፣ እጃቸው ግራሶ፣ ስልካቸው ስንጥቅ።
የይለፍ ቃል አውጡ ስል ግማሹ ሲያስብ፣ ግማሹ ሲስቅ፤
«የሚስቴን ስም ላድርግ?» «ከተጣላችሁስ?» አለው ሌላው።
የመጋዘኗ አልጋነሽ መዳፏ ላይ ጽፋው
ለምሳ እጇን ታጠበች።
ሦስቴ ቀየርኩላት።

መጨረሻ ላይ ጋሽ ወርዶፋ መጣ፣ ተላላኪው፤
ሠላሳ አንድ ዓመት በር ሲያንኳኳ የኖረው።
ስልኩ ባለ ቁልፍ ነው። ብብቱ ሥር
አረንጓዴ መዝገብ፣ ጀርባው የተጠገነ በፕላስተር።
«ልጄ፣ ያንቺኛው መድረሱን በምን ያውቃል?» አለኝ።
አሳየሁት፦ «አንድ ራይት፣ ሄደ። ሁለት ራይት፣ ደረሰ።
ሰማያዊ ሲሆን ተነበበ።»
ዝም አለ። ኮቱን ዳሰሰ።
ከዚያ መዝገቡን ገለጠልኝ፦
ቀን፣ ቁጥር፣ ፊርማ፤ ቀን፣ ቁጥር፣ ፊርማ፤
አንዱ ላይ የወጥ ጠብታ፣ አንዱ ላይ የግራሶ ጨለማ።

«ይቺን አየሻት? መቶ አርባ ቁጥር። ስንብት ናት።
ማንበብ አይችልም ይሉኛል፤ ይበሉ፤ ለሥራው ይሻላል።
ጸሐፊዋ ስትሰጠኝ ዓይኔን ከሸሸች፣ ያኔ ይገባኛል።
ጠዋት ተቀበልኩ፣ ከምሳ በኋላ አደረስኩ፤
ሰው ክፉ ወሬ በባዶ ሆዱ አይስማ ብዬ አዘገየሁ።
በሩ ጋ ስደርስ አስላለሁ።
ጉሮሮዬ ደህና ነው።»

ሳቅሁ መሰለኝ። ሥራ ነበረብኝ።

ሐሙስ፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት።
ቡልቻ ብየዳ ላይ ነው፤ መከለያው ወርዷል፣ ብልጭታው ይረግፍበታል፤
የደረት ኪሱ ነዘረ።
እኔ ሰርቨሩ ጋ ነበርኩ። ቃሉ ተቆልፏል፣ ለእኔም አይነበብ፤
አጥሩን እንደታዘዝኩት አጥብቄ ነው የሠራሁት።
ያየሁት ይኸን ብቻ ነው፦
ከአስተዳደር። ለአንድ ሰው።
አንድ ራይት።
ሁለት ራይት።
ሰማያዊ።
የብየዳው ድምፅ ቆመ። የጀመረው በር
በአንድ ማጠፊያ ተንጠልጥሎ ቀረ።
ማንም አላሳለም።

ማታ ሰርቪሱ ሲወጣ እኔ ቀረሁ፤
ኮዱ ላይ አንዲት መስመር ጨመርኩ፣ ለማንም አልተናገርኩ።
ከአስተዳደር ለአንድ ሰው ብቻ የሚላክ ሁሉ
ሰባት ተኩል እስኪሞላ ይቆይ ከደጅ፣ እንደ አመሉ።
መስመሯ ስም ትፈልጋለች፤
«ወርዶፋ» አልኳት።
ለቡልቻ አልደረሰችለትም።

በሳምንቱ ጋሽ ወርዶፋን መዝገብ ቤት አዛወሩት፤
ከልጁ የተረፈ ስልክ ይዞ መጣ፣ ከፈትኩለት።
ፎቶ አልፈለገም። ስሙን ከነአያቱ አስጻፈ፣
አመሰገነኝ፣ ኮሪደሩን አለፈ።

ከሰዓት በኋላ ስክሪኔ ላይ አንዲት መልእክት ወጣች፦
«ልግባ?»
ቀና አልኩ።
በሩ ክፍት ነው። ደፉ ላይ ቆሟል፣
ስልኩን በሁለት እጁ ይዞ፣
ሰማያዊ እስኪሆን እየጠበቀ።